ቀበቶው ለማን ይናገራል?

ስለ ጁዶ ስልቶችና የማዕረግ መመዘኛዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

 

የቀበቶን ቀለም ጨርሶ የማያውቅ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በየሰፈሩ ያሉት የካራቴና የቴኳንዶ ማሠልጠኛዎች ነጩን፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን፣ ጥቁሩን ቀበቶ አስለምደውናል። ልጅ «ቀበቶ ቀየርኩ» ብሎ ሲመጣ ቤተሰብ ይደሰታል፤ ደስታውም ተገቢ ነው። ይሁንና ቀበቶ የሚለካው ምንድን ነው ብለን ብንጠያየቅ፣ አብዛኞቻችን «ጉልበት ነው፤ ስንት ሰው መጣል እንደሚችል ነው» የምንል ይመስለኛል። ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁት ሌላ ነገር ነው። በጁዶ ቀበቶ አስቀድሞ የሚናገረው ከታጣቂው ፊት ለቆመው የልምምድ ጓደኛ ነው። የሚነግረውም «ሰውነትህን ለዚህ ሰው እስከ ምን ድረስ በአደራ ልትሰጠው ትችላለህ» የሚለውን ነው።

ንግግሬ ሦስት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያ የማዕረጉ መሰላል ከየት እንደመጣ እናያለን። ቀጥሎ ስልቶቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰጡና ስለምን እንዲያ እንደተደረደሩ እንመለከታለን። በመጨረሻም ለጥቁር ቀበቶ የሚቀርብ ሰው ምን እንደሚጠየቅ እናነሣለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ መጀመሪያው ክፍል ልግባ። የጁዶ መሥራች ካኖ ጂጎሮ በ1860 ዛሬ የኮቤ ከተማ ክፍል በሆነችው ሚካጌ ተወለደ። በልጅነቱ ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ደቃቃ ነበር። በትምህርት ቤት ጉልበተኞች ሲያስቸግሩት ጁጁትሱ የተባለውን የጥንት የጃፓን ትግል ለመማር ቆረጠ። ጊዜው ግን ለእንዲህ ያለ ትምህርት አይመችም ነበር። የሳሙራይ መደብ ፈርሷል፤ በ1876 ሰይፍ ታጥቆ መሄድ ተከልክሏል፤ አገሩ ፊቱን ወደ ምዕራቡ ዓለም አዙሯል፤ ጁጁትሱም ያለፈበት ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር። ካኖ እንደምንም ፈላልጎ በመጀመሪያ ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ ከተባለ መምህር፣ ከዚያም ከሌሎች ሊቃውንት ሥር ተማረ። በ1882 የ21 ዓመት ወጣት ሳለ በቶኪዮ ኤይሾጂ በተባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ አሥራ ሁለት የታታሚ ምንጣፍ በሚያህል ክፍል የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ስሙንም ኮዶካን አለው። በመጀመሪያው ዓመት የነበሩት ተማሪዎች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ።

የጥንቶቹ የጁጁትሱ ቤቶች ለተማሪ ማዕረግ የሚሰጡት በጥቅል ጽሑፍ ነበር። ተማሪው ለዓመታት ከቆየ በኋላ የስልቶቹ ስም የተዘረዘረበት ጥቅል ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ የማስተማር ፈቃድ፤ በመጨረሻም ለጥቂቶች ብቻ የቤቱ ሙሉ ምስጢር። በአንዱና በሌላው መካከል ብዙ ዓመት ያልፋል። ካኖ ራሱ መምህር ስለነበር ይህ ለጀማሪ ተስፋ እንደማይሰጥ ተረዳ። ስለዚህ «ጎ» በተባለው የሰሌዳ ጨዋታ አዋቂዎች ዘንድ ከቆየው የደረጃ አሰጣጥ ተውሶ መንገዱን ወደ ብዙ አጫጭር እርከኖች ከፈለው። የጀማሪዎቹ እርከን ኪዩ፣ የበሰሉት ደግሞ ዳን ይባላል። በ1883 የመጀመሪያውን ዳን ለሁለት ተማሪዎቹ፣ ለቶሚታ ሱኔጂሮና ለሳይጎ ሺሮ ሰጠ። ያን ጊዜ ማዕረጉ በወገብ ላይ የሚታይ ምልክት አልነበረውም፤ ዳን የደረሱት ጥቁር ቀበቶ መታጠቅ የጀመሩት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

ዛሬ የምናያቸው ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀበቶዎች የተስፋፉት በአውሮፓ ነው። በ1918 ኮይዙሚ ጉንጂ በለንደን በመሠረተው ቡዶካይ ክለብ በ1920ዎቹ ባለ ቀለም ቀበቶዎች ይታጠቁ ነበር። በ1935 ወደ ፓሪስ የሄደው ካዋይሺ ሚኪኖሱኬ ደግሞ ስልቶቹን በቁጥር ደርድሮ ከየቀለሙ ጋር አያያዛቸው፤ የፈረንሳይ ተማሪዎችም ፊታቸው ያለው ቅርብ ግብ ስለታያቸው በብዛት ጸኑ። በጃፓን ግን ለአዋቂዎች እስከ ዛሬም ከነጭ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር መሄድ የተለመደ ነው። ከ6ኛ እስከ 8ኛ ዳን ያሉት ቀይና ነጭ የተፈራረቀበት፣ 9ኛና 10ኛ ዳን ያሉት ቀይ ቀበቶ መታጠቅ ይችላሉ። ኮዶካን ከተመሠረተ ጀምሮ 10ኛ ዳን የሰጠው ለ15 ሰዎች ብቻ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀበቶ ተማሪን ማበረታቻ መሆኑ ግልጽ ነው። እኔ ግን ሌላውን ጥቅሙን አበልጣለሁ። ጁዶ ብቻውን የሚለማመዱት ነገር አይደለም። ሰው ካልጣላችሁና ካልወደቃችሁ አትማሩትም፤ በአንድ ምሽት ልምምድ ደግሞ ከአምስት ከስድስት ሰው ጋር ትያያዛላችሁ። ከማታውቁት ሰው ፊት ቆማችሁ ሰላምታ ስትለዋወጡ በዓይናችሁ የምትፈልጉት ወገቡን ነው። ነጭ ከሆነ መውደቅን ገና እየተማረ ነው፤ ቀስ አድርጋችሁ መጣል፣ እጅጌውን አጥብቃችሁ መያዝ አለባችሁ። ቡናማ ከሆነ ፈጠን ብላችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ እሱም እናንተን ሲጥል ይጠነቀቅላችኋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ቀበቶ እንደ መንጃ ፈቃድ ነው፤ ለባለቤቱ ቢያስደስተውም ዋናው ጥቅሙ በዚያው መንገድ ላይ ለሚሄዱት ለሌሎቹ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ስልቶቹ እንለፍ። ኮዶካን ዛሬ ስም ሰጥቶ የመዘገባቸው ስልቶች 100 ናቸው። ከነዚህ 68ቱ የመጣያ፣ 32ቱ ደግሞ መሬት ላይ የመያዣ ስልቶች ናቸው። የመጣያዎቹ በእጅ፣ በዳሌና በእግር የሚሠሩ፣ እንዲሁም ጣዩ ራሱ አብሮ እየወደቀ የሚጥልባቸው ተብለው ይከፈላሉ። በእግር የሚሠሩት 21 ሲሆኑ፣ የአገራችን ታጋይ ጠለፋ የሚለውን የሚያስታውሱ ብዙዎች አሉባቸው። መሬት ላይ ከሚሠሩት 10ሩ አጋድሞ መያዣ፣ 12ቱ ማነቂያ፣ 10ሩ መገጣጠሚያን መቆለፊያ ናቸው። አንድ ተማሪ ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ አይማርም። ትምህርቱ የሚጀመረው ከእነዚህ ከመቶዎቹ ውስጥ በሌለ ነገር ነው፤ እርሱም መውደቅ ነው።

ጀማሪው በመጀመሪያ በጀርባው ተኝቶ ይለማመዳል። አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፤ ዓይኑን የራሱ ቀበቶ ቋጠሮ ላይ ያሳርፋል። ይህን ካደረገ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሄዶ ምንጣፉን አይመታም። ከዚያ ሁለት እጆቹን ከጎኑ ትንሽ ፈንጠር አድርጎ፣ መዳፉን ወደ ታች ዘርግቶ ምንጣፉን በኃይል ይመታል፤ የውድቀቱ ጉልበት በክንዱ ላይ ይበተናል። ክንዱን ራቅ አድርጎ ቢዘረጋ ትከሻው ይጎዳል፤ አስጠግቶ ቢያጥፈው በክርኑ ላይ ይወድቃል። ተኝቶ ሲለምደው ቁጢጥ ብሎ፣ ከዚያ ቆሞ፣ ቀጥሎ በጎኑ፣ በመጨረሻም በትከሻው ላይ እየተንከባለለ ወደ ፊት ይወድቃል። ይህ ኡኬሚ ይባላል። ለመጀመሪያው ቀበቶ የሚቀርብ ልጅ መመዘኛው ከአገር አገር ቢለያይም፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታይለት ይህ ነው። ሌላውን መጣል ከመማሩ በፊት ራሱ በደህና መውደቅን ይማራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሚዛን ማሳት ነው። ካኖ ከብዙ ምርምር በኋላ ያገኘው ትልቁ እውቀት ይህ ነበር ማለት ይቻላል። ኪቶ ሪዩ የተባለውን የጁጁትሱ ዘርፍ ያስተማረውን ኢኩቦ ሱኔቶሺን ለዓመታት ሲታገል በአብዛኛው የሚወድቀው ካኖ ነበር። በ1885 አካባቢ ግን መምህሩን ደጋግሞ ለመጣል በቃ፤ ምክንያቱም ከመጣሉ በፊት የተቃዋሚውን ሚዛን ማሳት እንዳለበት ስለደረሰበት ነው። ከዚያ ወዲህ በጁዶ እያንዳንዱ ውርወራ በሦስት ደረጃ ይሰጣል፤ ሚዛን ማሳት፣ ገብቶ ቦታ መያዝ፣ መጣል። ለጉልበተኛው ሦስተኛው ብቻ ነው የሚታየው፤ ፈታኝ ግን የሚያየው የመጀመሪያውን ነው።

አንዱን ስልት ቀረብ ብለን እንየው። ኦሶቶጋሪ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነው። ቀኝ እጃችሁ የጓደኛችሁን ኮሌታ፣ ግራ እጃችሁ የቀኝ እጅጌውን ክርኑ አጠገብ ይዟል። በግራ እግራችሁ ከቀኝ እግሩ ጎን ትረግጣላችሁ። በዚያው ቅጽበት ደረታችሁን ወደ ደረቱ አስጠግታችሁ ክብደቱን በቀኝ ተረከዙ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። አሁን ያ እግር ሸክም አለበትና ሊነሣ አይችልም። ቀኝ እግራችሁን አሳልፋችሁ ከኋላ ጭኑን ታጭዱታላችሁ፤ ጓደኛችሁ በጀርባው ይወድቃል። የማያውቅ ተመልካች ስልቱ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ዋናው ነገር ግን ገና በግራ እጃችሁ ውስጥ ነው። እጅጌውን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ከሳባችሁ ጓደኛችሁ በጎኑ ዞር ብሎ ያርፋል፤ ጭንቅላቱ ምንጣፍ አይነካም። እጅጌውን ከለቀቃችሁ ወይም በላዩ ላይ ከወደቃችሁበት የራስ ቅሉ የኋላ ክፍል ከምንጣፉ ጋር ይጋጫል። ጣዩ በሁለቱም ጊዜ ጥሏል፤ ጁዶ ያወቀው ግን አንደኛው ብቻ ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። በናጎያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ኡቺዳ ሪዮ ከ1983 ጀምሮ ያሉትን መዛግብት ሰብስቦ ሲያጠና፣ ሠላሳ በሚጠጉ ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ የጃፓን ተማሪዎች በትምህርት ቤት ጁዶ ሕይወታቸው ማለፉን አሳየ። ብዙዎቹ የሞቱት ከራስ ጉዳት ነው፤ ከነሱም መካከል ትምህርቱን ገና የጀመሩ ልጆች በርካታ ነበሩ። በ2012 የጃፓን የጥንት ትግል ጥበባት በመለስተኛ ትምህርት ቤቶች የግዴታ ትምህርት ሲሆኑ ይህ ጉዳይ የአገሩ መነጋገሪያ ሆነ። የጁዶ እናት አገር ከዚህ የተማረችው ለእኛም ይጠቅመናል። የመውደቅ ትምህርት ተቻኩሎ ከታለፈ፣ ደረጃው ከዕውቀቱ ከቀደመ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ልጁ ነው።

የጥንቱን የትምህርት ዝርዝር ብታዩት ይህ ጥንቃቄ በቅደም ተከተሉ ውስጥ ተሸምኖ ታገኙታላችሁ። ኮዶካን በ1895 የመጣያ ስልቶቹን በአምስት ክፍል መድቦ፣ በ1920 አሻሽሎ በየክፍሉ ስምንት፣ በድምሩ 40 አደረጋቸው። በመጀመሪያው ክፍል እንደ ኦሶቶጋሪና በዳሌ ላይ አዙሮ እንደሚጥለው ኦጎሺ ያሉ፣ ጣዩ ቆሞ ጓደኛውን እስከ መጨረሻው ደግፎ ሊያወርድባቸው የሚችል ስልቶች ይበዛሉ። በአምስተኛው ክፍል እንደ ኡራናጌ ያሉት አሉ። በኡራናጌ ጣዩ ተቃዋሚውን አቅፎ፣ አንሥቶ፣ ራሱም ወደ ኋላ እየወደቀ ከትከሻው በላይ ይወረውረዋል። ሲወድቅ ይዞ የሚደግፈው ስለሌለ ወዳቂው ያለው የራሱ ኡኬሚ ብቻ ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ የጣዩን ችሎታ ብቻ አይከተልም፤ የወዳቂውንም አቅም ይከተላል።

መሬት ላይ በሚሠሩት ስልቶችም ነገሩ ይኸው ነው። አስቀድሞ የሚሰጠው አጋድሞ መያዝ ነው፤ ለምሳሌ ኬሳጋታሜ፣ አንገቱንና ክንዱን አቅፎ በጎን ተቀምጦ መያዝ። በውድድር በዚህ ሁኔታ 20 ሰከንድ የያዘ ሙሉ ድል ያገኛል፤ የተያዘውም ሳይጎዳ ይነሣል። ማነቅና ክርን መቆለፍ የሚመጡት በኋላ ነው፤ በብዙ አገሮች ለትንንሽ ልጆች ጨርሶ አይፈቀዱም። በአንገት ግራና ቀኝ ያሉት የደም ሥሮች በትክክል ሲጫኑ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ስለዚህ ማነቅን የሚማር ተማሪ አብሮ የሚማረው መልቀቅን ነው። ጓደኛው በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ ሲያደርግ ወዲያው መልቀቅ ግዴታው ነው፤ ይህን የማያደርግ ሰው ስልቱን የቱንም ያህል ቢያውቀው ከፍ ወዳለ ቀበቶ ሊያልፍ አይገባም። ከመቶዎቹ ስልቶች አራቱ ደግሞ ስማቸው ተጠብቆ ሳለ በውድድር የተከለከሉ ናቸው። ከነሱ አንዱ፣ በሁለት እግር የተቃዋሚን እግሮች እንደ መቀስ ቆልፎ የሚጥለው ካኒባሳሚ፣ እግር ስለሚሰብር ነው የተከለከለው። ትውልዱ ስልቱን ያውቀዋል፤ በጓደኛው ላይ ግን አይሠራበትም።

ሦስተኛው ክፍል ጥቁር ቀበቶን ይመለከታል። በጃፓን ለመጀመሪያው ዳን የሚቀርብ ሰው ቢያንስ 14 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። በውድድር ያገኘው ውጤት፣ ያገለገለበት ጊዜና ጠባዩ ይታያል። ከዚህ ሌላ ናጌኖካታ የሚባለውን ፈተና ያቀርባል። ይህ አስቀድሞ በተወሰነ ሥርዓት የሚቀርብ የ15 ውርወራዎች ዝርዝር ነው፤ በእጅ፣ በዳሌ፣ በእግር፣ አብሮ በመውደቅ ወደ ኋላና ወደ ጎን፣ ከየዓይነቱ ሦስት ሦስት። እያንዳንዱ በቀኝም በግራም ይሠራል። በኮዶካን ለመጀመሪያው ዳን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ይጠየቃሉ፤ ለሁለተኛው ሙሉው።

ይህን ፈተና በአንክሮ ለተመለከተው አንድ ትልቅ ነገር ይታየዋል። ተፈታኙ ብቻውን አይገባም። የሚጥለው ቶሪ፣ የሚወድቀው ኡኬ ይባላሉ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይሰግዳሉ፤ እግራቸውን አንድ ላይ ያነሣሉ፤ ልብሳቸው ከተዛባ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ያስተካክላሉ። ኡኬው የሚገባው በእውነተኛ ጥቃት ነው። አስመስሎ ቢገባ፣ ሳይጣል ቀድሞ ቢወድቅ፣ ወይም ፈርቶ ሰውነቱን ቢያደነድን ስልቱ ይበላሻል። የቶሪው ውበት በኡኬው ድፍረትና እምነት ላይ ቆሟል። የኡኬው ደህንነት ደግሞ በቶሪው እጅ ነው። ወደ ጥቁር ቀበቶ መግቢያ በር ላይ ጁዶ ያስቀመጠው ፈተና ስንት ሰው አሸነፍክ ከሚለው በተጨማሪ፣ ሌላ ሰው ሰውነቱን ሲያስረክብህ እንዴት ተቀበልከው፣ አንተስ የራስህን እንዴት አስረከብከው የሚል ነው።

«ታዲያ ማሸነፍ ዋጋ የለውም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጁዶ ውድድር ነው፤ ካኖም ነፃ ትግሉን፣ ራንዶሪን፣ የትምህርቱ ምሰሶ አድርጎታል። ተቃውሞ በሌለበት የተማሩት ስልት እውነተኛ መሆኑ አይታወቅም። ነገር ግን ማሸነፍ ራሱ የት ድረስ እንደሚሄድ የሚያሳይ አንድ ቀን አለ፤ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ ቀን ነው። በጥቅምት 1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው በ21ኛው ቀን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ከተማ፣ በኒፖን ቡዶካን አዳራሽ፣ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካተተበት ኦሊምፒክ የክብደት ገደብ የሌለው የፍጻሜ ግጥሚያ ተደረገ። የኔዘርላንዱ አንቶን ጌሲንክ ጃፓናዊውን ካሚናጋ አኪዮን በኬሳጋታሜ ይዞ አሸነፈ። ለባለ አገሮቹ ከባድ ሐዘን ነበር። የጌሲንክ ደጋፊዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ እርሱ ገና ከምንጣፉ ሳይነሣ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው፤ ከዚያ ተነሥቶ ሥርዓቱን ጠብቆ ለተሸናፊው ሰገደ። አዳራሹ ያየው የአንድ ግዙፍ ሰው ጉልበት ብቻ አልነበረም፤ ጁዶን በሙሉ የተቀበለ ሰውም አይቷል።

ከዚያ ወዲህ ጁዶ በዓለም ሲስፋፋ ሜዳሊያው ትምህርቱን የመዋጥ ፈተና መጥቷል። በዚህ ምክንያት የጃፓን ጁዶ ፌዴሬሽን በ2022 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ብሔራዊ የግል ውድድር ሰረዘ። ምክንያቱ ወላጆችና አሠልጣኞች በሕፃናት ላይ ለድል ብቻ መጨከናቸው ነበር። ጁዶን ለዓለም የሰጠች አገር ለልጆቿ ስትል ዋንጫን ከተወች፣ እኛም በምንጀምረው ሁሉ ይህን ልናስብበት ይገባል።

ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። የማዕረጉ መሰላል የተሠራው ተማሪ እንዲበረታ፣ ከፊቱ የቆመውም እንዲያውቀው ነው። ስልቶቹ የተደረደሩት መውደቅ ከመጣል፣ መያዝ ከማነቅ እንዲቀድም ተደርጎ ነው። የጥቁር ቀበቶው ፈተናም ሁለት ሰው አንድ ላይ የሚቆምበት ነው። ሦስቱም የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ በጁዶ ዕድገት ማለት የሌላ ሰው ሰውነት በአደራ የሚሰጠው ሰው መሆን ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁን ወደ ማናቸውም የማርሻል አርት ማሠልጠኛ ስትወስዱ ቀበቶ በስንት ወር እንደሚቀየር ከመጠየቃችሁ በፊት ገብታችሁ አንድ ልምምድ ተመልከቱ። ጀማሪዎች መውደቅን ለምን ያህል ጊዜ ይማራሉ? ትልልቆቹ ትንንሾቹን ሲጥሉ እጅጌ ይይዛሉ ወይስ ይለቃሉ? ልጅ «በቃኝ» ሲል አሠልጣኙ ያቆማል? መልሱ ካላረካችሁ የግድግዳው ዋንጫ አያታልላችሁ። አሠልጣኞች፣ ያልደረሰ ልጅን ወላጁን ለማስደሰት ወይም ክፍያ ለማግኘት ብላችሁ ቀበቶ አትቀይሩለት፤ ያ ቀበቶ ነገ በሌላ ልጅ ፊት ቆሞ የማያውቀውን ነገር አውቃለሁ ብሎ ይመሰክርበታል። እናንተ ወጣቶች ደግሞ ፈተና ስትወድቁ አትዘኑ፤ ስታልፉም ከእናንተ በታች ያለውን ነጭ ቀበቶ ፈልጋችሁ አስተምሩት። ከእናንተ ጋር ሲለማመድ ካልፈራ፣ ሳይጎዳም ከተሻለ፣ ቀበቶው በእርግጥ ይገባችኋል ማለት ነው።